ጒዶ የተባሉ ሁሉ

ለሰው ስም ማውጣት ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ሞቶ ስሙ አልሞት ሲል ነው። ሰውየውን ቀብረን፣ ተዝካሩን አውጥተን፣ ንብረቱን ተከፋፍለን ስናበቃ ስሙ ብቻ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተሻገረ ይኖራል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ልክ ሰርግ ሊደገስ ሲል፣ ብቅ ብሎ «እኔስ?» ይላል።

የእኛ ቤት ስም ጒዶ ነው። አዎ፣ በዚያች ፊደል ገበታው ጥግ ላይ ሥራ ፈትታ በምትቀመጠው «ጒ» ነው የሚጻፈው። ከእኛ ቤተሰብ በቀር የሚያሠራት ያለ አይመስለኝም። አያቴ ወልደ ጊዮርጊስ ተብሎ ክርስትና የተነሣ የጎንደር ሰው ነው። በጣሊያን ጊዜ የጭነት ማኪና ረዳት ሆነ፤ ነጂው ደግሞ ጒዶ የሚባል ጣሊያን ነበር። ይህ ነጂ «ወልደ ጊዮርጊስ» ማለት ምላሱን ቢያደናቅፈው ጊዜ መላ አገኘና የራሱን ስም ሰጠው። አያችሁ፣ የሰውን ስም ለመማር መስነፍም እንደ ቸርነት የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር! ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ ቀረ። አገሬውም ጒዶን «ጉዱ» እያደረገ ሲስቅብን ኖረ። ትምህርት ቤት ስሜ እስከ አያት ሲጠራ ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ይዞር ነበር።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ ትርንጎ የአዲ አርቃይ ልጅ ወደደች። ደሳለኝ ይባላል፤ ሸጋ ልጅ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ይህም ለእኛ ቤት መድኃኒት ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፤ የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ብቻ ሆነ። ተጋቢዎቹ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ በዘር እንዳይገናኙ በሁለቱም ወገን አባት እየተነሣ ይቆጠራል መቼም። ለሁለቱም መንገድ ላይ ነው ተብሎ ቆጠራው ኮሶዬ ባለችው ምግብ ቤቴ ተደረገ።

በእኛ በኩል የሚቆጥሩት አጎቴ አያ አለሙ ናቸው፤ በወንዱ በኩል የደሳለኝ አያት አያ ውቤ። አያ አለሙ ጀመሩ፤ ትርንጎ፣ አባቷ፣ አያቷ፣ ከዚያም ጒዶ። የአያ ውቤ ጉርሻ አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። «ማን አሉ?» «ጒዶ፣ አባቴ ነዋ።» «የእኔም አባት ጒዶ ነው» አሉ አያ ውቤ፣ ጉርሻውን ወደ ትሪው እየመለሱ።

አያቴ የማኪና ሰው ነበራ! ከጎንደር አዲ አርቃይ ሲመላለስ የኖረ። የማኪና ሰው ባደረበት ሁሉ ምን ትቶ እንደሚነሣ የማያውቅ አለ? ሁለቱ ጒዶዎች አንድ ሰው ከሆኑ እነዚህ ሽማግሌዎች ወንድማማች ናቸው፤ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሰርጉ ቀረ። ትርንጎ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሽማግሌዎቹ ብልሆች ነበሩ። አያ አለሙ አባታቸው ጠይምና ረጅም እንደነበረ ተናገሩ። የአያ ውቤ አባት ወዲያው ቀይና አጭር ሆነ። የእኛው ግራኝ ነበር ሲባል የእነሱ በግራ እጁ ማንኪያ እንኳ ይዞ አያውቅም። ነገሩ እንዲህ እያማረበት ሳለ እኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ስለዚህ ስም ያነበብኩት ልቤ ውስጥ ታጭቆ፣ ሰሚ ሲጠብቅ ስንት ዘመኑ! ቱሪስት ጥሎልኝ ከሚሄደው መጽሐፍም፣ ከስልኬም፣ መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የለቃቀምኩት ነው። «አባቶቼ» አልኳቸው፣ «ይህ ስም ጣሊያን አገር እንደ እኛ ገብሬ የተለመደ ነው። ስንት ጒዶ አለ መሰላችሁ?» እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

አላቆምኩም። አንድ ጒዶ ነበረ፣ መነኩሴ፣ በጣም የጥንት ሰው፤ የገዳም ልጆች አንድ ዜማ ለማወቅ ዕድሜያቸውን ሲፈጁ አይቶ አዘነና ድምፅን በመስመር ላይ አስቀመጠው አልኩ። ለመጥምቁ ዮሐንስ ከሚዘመር መዝሙር የየስንኙን መነሻ እየወሰደ ለድምፆቹ ስም አወጣላቸው፤ ልጆቹም ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ በዓይናቸው አይተው ዘመሩት። ድምፅ ይታያል? ይህን ባነበብኩ ቀን እኔ ራሴ የጣድኩትን ወጥ አሳርሬያለሁ። አያ ውቤ ደግሞ በልጅነታቸው ዜማ ቤት ገብተው ዱላ አባርሯቸዋል፤ «ይሄ ሰው ምነው ሳይደርስልኝ ቀረ!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

ሌላው ጒዶ የኢየሩሳሌም ንጉሥ ነበር አልኩ። ሁለቱም እኩል አማተቡ። ከተማይቱ ከእጁ መውጣቷን የተናገርኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ደግሞም አንድ እንግሊዛዊ ይህን ስም ለራሱ አውጥቶ፣ ንጉሡን ከነመኳንንቱ በባሩድ ሊያነድ ሲል ተይዟል። አያ ውቤ ገልመጥ አድርገውኝ «ይሄኛው እንኳ የእናንተ ወገን ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

መጨረሻ ላይ ተነሥቼ ግድግዳው ላይ ያለውን የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አሳየኋቸው። ታውቁታላችሁ፤ ሰይፉን መዝዞ ሰይጣንን በእግሩ የረገጠው፣ በየቤታችን፣ በየሱቁ፣ በየማኪናው መስታወት ያለው። ይህን በመጀመሪያ የሣለው ጣሊያናዊ ስሙ ጒዶ ነው አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው ቆሙ። አያ አለሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠዋት ማታ የተሳለሙትን መልአክ የሣለው ሰው ስም፣ እኛ ሲሳቅብን የኖርንበት ስም ነው! እኔንም ለመቶኛ ጊዜ ውርር አደረገኝ።

አያ አለሙ ቀስ ብለው ተቀመጡና ያ የማኪና ነጂ የሠዓሊው ዘር ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ። ሠዓሊው ማግባቱን እንኳ የትም አላነበብኩም፤ ግን ማን ይጠይቀኛል? «ስሙን ከሰጠው ደግሞ ልጁ አደረገው ማለት ነው» ብለው ደመደሙ። ይህን ጊዜ አያ ውቤ ቁና ቁና ተነፈሱ። «የእኔም አባት…» አሉ፣ «አሁን ትዝ ሲለኝ፣ ማኪና ላይ ይሠራ ነበር።» ቅድም ማንኪያ በግራው ይዞ የማያውቀው ሰውዬ ግራኝ ሆነ። ቀይነቱ ጠየመ፤ ቁመቱም ዓይኔ እያየ አደገ። «ታዲያ አባቴ አባትህ ነው በለኛ!» አሉ አያ አለሙ፣ እንባቸው እየመጣ። ተቃቀፉ። ተሳሳሙ። «ወንድሜ!» «ወንድም ጋሼ!» በስተርጅና ወንድም ማግኘት እንዴት ያለ ጸጋ ነው! ሰርጉ ግን በደስታ ተገደለ።

ትርንጎ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየት የጭልፋ አስተያየት አልነበረም፤ የቢላ ነበር። ከዚያ ረጋ ብላ መጣችና ከአያቱ አጠገብ የተቀመጠው ደሳለኝ ፊት ቆመች። «በል ወንድሜ፣ እንኳን ተገኘህ» አለችው። «ከጎንደር ደህና ልጅ አይተን እንድርሃለን። እኔ ራሴ ነኝ ሽማግሌ ይዤ የምሄድልህ።»

ያ ብዙ የማይናገር ልጅ ጋቢውን ለበሰና አያቱን ተመለከታቸው። አያ ውቤ ያን ፊት ሊችሉት አልቻሉም። ከአጎቴ እቅፍ ወጡ፤ ሥዕሉን አዩ፤ መሬቱን አዩ።

«ጒዶ አባቴ አይደለም» አሉ። «በቅሎዋ ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ባላባቱ ሁሉ በፈረሱ ስም «አባ እከሌ» እየተባለ ይጠራ ነበር። የአያ ውቤ አባት ጨው የሚጭን ድሃ ነጋዴ ነበር፤ ፈረስ ከየት ይምጣ? ያለችው አንዲት በቅሎ ናት። ሰዉም ለፌዝ አባ ጒዶ አለው። በኋላ «አባ» የሚለው ወደቀና በቅሎዋ ብቻ ቀረች፤ ልጁም ውቤ ጒዶ ተብሎ ሽማግሌ ሆነ። ይህንን እንኳን ለሰው ለሚስታቸውም ተናግረው አያውቁም። ከኢየሩሳሌም ንጉሥ ወደ ጨው ጫኝ በቅሎ በአንድ ትንፋሽ መውረድ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት! ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ወረዱ። ከጒዶዎች ሁሉ እኔ አክብሬ ብድግ ያልኩት ለእሳቸው ነው።

አያ አለሙ ግን ነገር አይለቁም። በቅሎዋ ስሙን ከየት እንዳመጣችው ጠየቁ። ከሻጩ ነው ተባለ፤ ጣሊያን ጥሏት የሄደውን በቅሎ ይዞ አዲ አርቃይ የመጣ አንድ የጎንደር የማኪና ረዳት።

አጎቴ አቀርቅረው ረዥም ጊዜ አሰቡ። እኔ እንኳ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ዝም አልኩ።

«ዝምድናስ አለን» አሉ በመጨረሻ። «ግን በበቅሎዋ በኩል ነው። እሷ ደግሞ መካን ናት፤ ምን ተብሎ ይቆጠራል? በሉ ሰርጉን ለጥር አድርጉት።»