ንቦችሽ የት ሄዱ?

ትንንሽ ፍጥረት ላይ ጨካኞች ነን። ዝንብ ስናይ እጃችን ይነሳል፣ ጉንዳን ስናይ እግራችን። ለምን እንደተፈጠሩ መጠየቅ ትዝ የሚለን ከጠፉ በኋላ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ይህን ያስተማረችኝ ንብ ናት፣ ያውም አስጨንቃ።

ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ማር እሸጣለሁ። የመርካቶ ሰው ማር ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ማሩን እንዳይመስላችሁ። ንቡን ነው የሚያየው። ባልዲው ላይ ንብ ከዞረ ማሩ ንጹህ ነው፤ ካልዞረ ስኳር ገብቶበታል ይባላል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ይግባኝ እንደሌለው ግን አውቃለሁ። ንቦቹ ከየት እንደሚመጡ የጠየቀም የለም። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ከእኔ ቀድመው ይገባሉ፣ እንደ ባለቤት።

የእኔ ጥፋት ፍሊት ነው። ዝንብ በዛብኝና ደንበኛ ፊት አፈርኩ። ጎረቤቴ ሸምሱ፣ ጀሪካን የሚሸጠው፣ «እማማ ዘነቡ፣ ይተዉት፣ ንቦቹንም ይጨርሳል» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ መቼ ሰው ሰምቼ! ማሩን ከድኜ ሱቁን ከጥግ እስከ ጥግ ነፋሁት። ዝንቡ አለቀ። በማግስቱ ስጠርግ ከዝንቡ መሃል ንቦቹን አገኘኋቸው፤ እግራቸውን ሰብስበው ተኝተዋል። የተረፉትም በዚያው ቀሩ።

ማር ሸጣችሁ ስለማታውቁ ጭንቀቱ አይገባችሁም። ደንበኛ ይመጣል፣ ባልዲው ላይ ጎንበስ ይላል፣ የንብ ድምፅ ያዳምጣል፣ ከዚያ «መጣሁ» ብሎ ይሄዳል። የመርካቶ «መጣሁ» መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ታውቃላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ጥሩወርቅ መጣች። ጥሩወርቅ ጠጅ ቤት አላት፤ ልጆቻችንን አብረን ያሳደግን ነን፣ ማርም ከእኔ በቀር ከማንም ወስዳ አታውቅም። ለልጇ ሠርግ ጠጅ ልትጥል ነው። ባልዲውን አየች፣ ጣራውን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«ዘነቡዬ፣ ንቦችሽ የት ሄዱ?»

ባልዲውን መወልወል ጀመርኩ። ሐሙስ እመለሳለሁ ብላ ወጣች። ሌላው ሁሉ ቢሄድ ይሂድ፤ እሷ ስኳር ቀላቃይ ነሽ ካለችኝ ግን ስሜን ይዤ የት እገባለሁ?

ማሩን ከጎጃም ለሚልክልኝ ለአያሌው ደወልኩ። ችግሬን ልነግረው ስል በራሱ ችግር ቀደመኝ። አካባቢው ላይ የተባይ መድኃኒት ከተረጨ ወዲህ ከቀፎው ግማሹ ባዶ ሆኗል። ኑጉ ሜዳውን ቢጫ አድርጎት ነበር፤ ሲወቃ ግን አብዛኛው ገለባ ወጣ። «አበባው እንግዳ ጠብቆ ጠብቆ ማንም ሳይመጣለት ረገፈ፣ እማማ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እዚያ ረጩ፣ እዚህ እኔ ነፋሁ።

ረቡዕ ዘዴ መጣልኝ። ስኳር በውሃ በጥብጬ በሳህን ከባልዲው ጀርባ ባስቀምጥ ንብ ይጠራል። ግን እስቲ አስቡት፤ ማር ነጋዴ በመርካቶ ስኳር ስትገዛ ከታየች አለቀላት! ንጹህ ማሬን ለማስመስከር እንደ ሌባ ተደብቄ ስኳር ልገዛ ሆነ። ማንም ወደማያውቀኝ ሰፈር ወጣሁና አንድ ኪሎ ገዝቼ ነጠላዬ ሥር ወሸቅኩ። ስመለስ ታክሲ መያዣው ጋ ከጥሩወርቅ ጋር ግጥም!

«ምን ይዘሽ ነው?»

«ጨው» አልኳት። ማንም ሳይጠይቀኝ ደግሞ «ለበርበሬ» ብዬ ጨመርኩ።

ሐሙስ በማለዳ ሱቁን በውሃ አጥቤ፣ በሩን ወለል አድርጌ ሳህኑን አስቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ አንዲት ንብ መጣች። ቆይቶ ሦስት። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። አንዷም ማሬን ዞር ብላ አላየችው፤ ሁሉም ሳህኑ ላይ ናቸው። ጥሩወርቅ ስትደርስ ሱቄ እንደ ድሮው ያዜም ነበር። ጎንበስ ብላ የባልዲውን ጀርባ አየች። ማሩን አስመዘነች፣ ከፈለች፣ አስጫነች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጨውሽ ንብ ይጠራል ለካ።»

መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ። እሷ ግን ተመልሳ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ማርሽንማ በምላሴ አውቀዋለሁ፣ ሞኝ። እኔ የደነገጥኩት ለንቦቹ ነው። እነሱ ከጠፉ አንቺ ምን ትሸጫለሽ፣ እኔስ ምን እጥላለሁ?»

ፍሊቱን ጣልኩት። ሸምሱ ዝንቡን ምን ልናደርገው ነው ሲለኝ ጭራ ገዛሁ። ሳህኑ ዛሬም ከባልዲው ጀርባ አለ፤ ደንበኛ ንቡን እያየ ማሬን ያመሰግናል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ማሩ እንደሆነ ንጹህ ነው። የአያሌው ቀፎ እንዴት እንደሰነበተ ልጠይቅ ስልኩን አነሳና፣ ሁሉም ባዶ ሆነ እንዳይለኝ ፈርቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።