የአሊ ልጆች ሁሉ ታግደዋል

የኮምፒውተር ሴቲንግ ሳይነካ ማደር የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ መርሳ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አለቃዬ ነው። ወልዲያ ለተሰጠው የኮምፒውተር ሥልጠና የተጻፈው የእኔ ስም ነበር፤ የሄደው ግን እሱ ነው። ቂም አልያዝኩም፤ አልረሳሁም እንጂ።

ይኸው አለቃዬ አቶ ሁሴን አንድ ጠዋት የመጽሐፍ ማዋሻውን ሶፍትዌር ከፍቶ፣ "ከቤተሰቡ አንዱ መጽሐፍ ካቆየ ሁሉም ይታገድ" የሚለውን ምርጫ አበራው። ፕሮግራሙን የሠሩት የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛ ስሙ አንድ የሆነውን ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጥራል። እኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት መሆኑን፣ አሊ የሚባል አባትም ስፍር ቁጥር እንደሌለው ማን ይንገረው? እኔ ነገርኩት።

"እትዬ ወርቄ፣ እርስዎ መደርደሪያውን ይወልውሉ" አለኝ።

ውርጌሳ ያለ አንድ የአሊ ልጅ መጽሐፍ አቆይቶ ኖሮ፣ የሀብሩ ወረዳ የአሊ ልጆች በሙሉ ታገዱ። ለፈተና የምትዘጋጀው ዘይነባ የፊዚክስ መጽሐፍ ስከለክላት እንባዋ መጣ።

"ወላሂ እትዬ፣ ሰውየውን አላውቀውም! ያባቴን ስም ልቀይር እንዴ?"

"ሲስተሙ አይሳሳትም" አለ አቶ ሁሴን። ሊያሳያትም በራሱ ስም መጽሐፍ ለመዋስ ሞከረ። ስክሪኑ ቀላ፤ "ታግደዋል" አለው። ለካስ የእሱም አባት አሊ ናቸው!

"ይህን ሁሉ ወንድምና እህት ይዘው ነው ለእናቴ አንድ ነኝ የሚሉን?" አልኩት።

ምርጫውን አጥፍቶ ማውሱን ወደ እኔ ገፋው። ዘይነባ መጽሐፏን ብብቷ ስር ሸጉጣ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ደህና ይዋሉ፣ ወንድም ጋሼ!"