የባሕር ዛፍ ዘይትና ጎረቤቴ ደስታ

ትንሹ ከጠቀመ ብዙው ይፈውሳል የሚል ሰው እናንተ ሰፈር የለም? እኛ የካ አለ፤ ጎረቤቴ ደስታ ይባላል። ሴት ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በሚመጡበት ቀን ጉንፋን ያዘውና የባሕር ዛፍ ዘይት ገዛ። እኔም በአርባ ዓመቴ በተማርኳት ፊደል ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አነበብኩለት፤ «ሁለት ጠብታ በኑግ ዘይት በርዞ ደረትን መቀባት፤ መጠጣት ክልክል ነው፤ ዓይን እንዳይነካ።»

«አንተ ፊደል የቆጠርከው ትናንት ነው፤ እኔ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ነው ያደግኩት» ብሎ ግማሹን ፊቱ ላይ ለቀለቀው።

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት እንባው ይወርዳል።

«አባትዮው እንዲህ ከከፋው ልጅቷን አንወስድም» ብለው ሊነሡ ሲሉ ልጅቷ ብልቃጡን ይዛ ገባች።

«አባባ አልከፋውም፤ ይኼን ተቀብቶ ነው።»

የብልቃጡን ጽሑፍ ለእነሱም አነበብኩላቸው፤ ስቀው ተቀመጡ።

ልጅቷ ተዳረች። ደስታ ግን ዛሬም «የዚያን ቀን ጉንፋኑ ያልለቀቀኝ ዘይቱን አሳንሼው ነው» ይላል።