ከፋብሪካ እንደወጣች

ሦስት አህጉር በአሮጌ መኪና ለማቋረጥ ከተሰናዱት መንገድ መሪዎች መካከል እንደ እኔ ያለ ብቁ ሰው በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነትን መደበቅ ነውር ስለሆነ ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩትም ካርታውን ከጂኦግራፊ መምህራችን በላይ ስላወቅሁት፣ እሳቸውን ላለማሳቀቅ ብዬ ነው።

አባዬ ታክሲ ነጂ ነው። መኪናችን በዕድሜ በሁለት ዓመት ስለምትበልጠው «እሜቴ» እንላታለን። የጥንት መኪኖች ታላቅ ጉዞ ሊካሄድ መሆኑን ሲሰማ ማመልከቻ አጻፈኝ፤ ባለ አርባ ገጽ መመሪያ በፖስታ መጣ። በቤቱ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ የንባቡ ኃላፊነት በሙሉ ድምፅ ተሰጠኝ። እማዬ ድምፅ አልሰጠችም፤ ልብስ እያጠበች ነበር።

የመጀመሪያውን ገጽ በጥልቀት መረመርኩ። የቀረውን ሠላሳ ዘጠኝ በማስተዋል ሞላሁት።

«መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ትቅረብ ይላል» ብዬ አወጅኩ።

«ሌላስ?» አለ አባዬ።

«ሌላው የዚሁ ማብራሪያ ነው።»

በሳምንቱ የጉዞው መኪና መርማሪ ቤታችን ድረስ ይመጣል፤ እሜቴ ካለፈች ትሄዳለች፣ ከወደቀች ትቀራለች። ጉዞው የሚያልቀው ባሕር ጫፍ ላይ ነው። አባዬ ሠላሳ ዓመት ከገበያ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ገበያ ሲመላለስ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እንቅልፍ አጣ።

በዚህ ሁኔታ ታሪካዊው የማጥራት ዘመቻ ተጀመረ። እሜቴን ዕድሜ ልኩን ሲጠግናት የኖረው መካኒክ፣ ሰፈሩ ጋሼ ብሎን የሚለው፣ በምስክርነት ተጠራ።

«ይሄ በር ከየት ነው?» አለ አባዬ።

«ከአምቡላንስ። ራሴ ነኝ የገጠምኩት።»

«ፍታው! ራዲያተሩስ?»

«ከወፍጮ ቤት።»

«ፍታው!»

«ኧረ ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ አምስት ሰው ጭነህባት ነበር። ምን ጎደላት?»

«ንጽሕና!» አልኩ እኔ፣ በአባዬ ፈንታ።

ፍሬኑ የጭነት መኪና ሆኖ ተገኘ፤ በክብር ተሰናበተ። መቀመጫዎቹ ከፈረሰ ሲኒማ ቤት የመጡ መሆናቸው ተረጋገጠ። ተራው የሞተሩ ሲሆን ጋሼ ብሎን ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እሱ እንኳ... ከሦስት መኪና ነው» አለ። እማዬ ከልብስ ማጠቢያው ሳትነሳ፣ «እኔም ሁለት ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው፤ ወረፋ ልያዝ?» አለች። ከአጀንዳው ጋር ስላልተያያዘ አልፈነው ሄድን።

በአምስተኛው ቀን ከፋብሪካ እንደወጣች የቀረችው እሜቴ አንድ ጣሪያ፣ አንድ የዝናብ መጥረጊያና ባትሪ የሌለው ክላክስ ሆነች። ይህን ድል በማስመልከት በርሜል ላይ ወጥቼ አጭር ንግግር አደረግሁ፦ «ዛሬ እሜቴ ከባዕዳን አካላት ነጻ ወጥታለች!» ጎረቤቶች ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ። ከዚያ ሥራ ለመሄድ ታክሲ ፈለጉ።

መርማሪው መጣ። ግቢውን ዞረ፤ ጣሪያዋን ቀና አድርጎ ከሥሯ አየ።

«መኪናዋስ?»

«ይችው!» አለ አባዬ ደረቱን ነፍቶ። «አንድ እንግዳ ዕቃ የለባትም።»

«ማነው አፍርሱ ያላችሁ?»

«መመሪያው ነዋ!»

ሰውዬው መመሪያውን ተቀብሎ ሦስተኛውን ገጽ ገለጠ፤ ጮክ ብሎም አነበበ፦ «ከላይ የተባለው የመኪናዋን ቅርጽ ብቻ ይመለከታል። ሳያቋርጡ ሲሠሩ ለኖሩና በየጊዜው ለተጠገኑ መኪኖች ቅድሚያ ይሰጣል።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። አልጮኸም። የወፍጮ ቤቱን ራዲያተር ከመሬት አንስቶ አቧራውን በእጅጌው መጥረግ ጀመረ። ከዚያስ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«መልሼ ልግጠማት?» አለ ጋሼ ብሎን። «አንድ ወር ስጡኝ።»

«ጉዞው ሰኞ ይነሳል» አለ መርማሪው።

እኔ ግን መላ አጥቼ አላውቅም። ቀሚሴን አራግፌ መርማሪው ፊት ቆምኩ።

«እንግዲያው ጋሼ፣ እኔ በመንገድ መሪነት በሌላ መኪና ተሳፍሬ ቤተሰቡን ልወክል።»

መርማሪው መመሪያውን አጥፎ ብብቱ ሥር ከተተው።

«ልጄ» አለኝ፣ «መንገድ መሪ የምንለው የሚያነብ ሰው ነው።»