ሊቀ ሻጋታ እና የእህቴ ሎሚ

በየሰፈሩ፣ በየህንፃው፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አዋቂ አይጠፋም። አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ አምስት ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ። የኛ ህንፃ አዋቂ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኔ በር ፊት ለፊት ይኖራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእርሻ ምርምር ላቦራቶሪ ቅጠል ላይ የሚኖር ፈንገስ ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ ምላሳቸው አይደለም። ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፦ ክቡር ሊቀ ሻጋታ። ፊታቸው ላይ ግን «ጋሼ» ነው የምላቸው፤ ድፍረቱ ከየት ይምጣ!

ክቡርነታቸው ደረጃ ሲወጡም ሲወርዱም የሰው ቅጠል ሳይቀጥፉ አያልፉም። ቅጠሉን ክዳን ባለው ክብ ብርጭቆ ውስጥ የረጋ ነገር ላይ ተጭነው ያነሱታል፤ ከዚያ ሻጋታው እስኪበቅል መጠበቅ ነው። ብርጭቆዎቹ የሚቀመጡት ቁም ሳጥናቸው ውስጥ፣ ከሸሚዞቻቸው ጎን ነው። አንድ ቀን ከፍተው አሳዩኝ። አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የድመት ፀጉር የመሰለ።

«ይሄ ከጽጌረዳ፣ ይሄ ከማንጎ፣ ይሄ ደግሞ ከታች ካለችው መምህርት ጎመን። አየህ፣ ጎን ለጎን ቢተከሉም እያንዳንዱ ቅጠል የየራሱ ነዋሪ አለው።»

«ታዲያ ጥሩ ናቸው መጥፎ?»

«እንደ ቅጠሉ ነው!»

መፈክራቸው ይቺ ናት። ነገ ይዘንባል ወይ ብትሏቸውም እንደ ቅጠሉ ነው። የቧንቧ ሠራተኛውን አርባ ደቂቃ ተከራክረው፣ ሰውየው መፍቻውን ጥሎ ሲሄድ ያየሁት በዓይኔ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና አንድም ቀን «ተሳሳትኩ» ሲሉ አልሰማሁም።

እኔ ከዚህ ሁሉ ርቄ በሰላም እኖር ነበር። የአባቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ፣ አንድ ቀን ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባች። ከመግባቷ በፊት በማሰሮ የተተከለ ሎሚዋን በረንዳዬ ላይ አስቀመጠችው። ከፍሬው አብቅላ አሥራ ስድስት ዓመት ያሳደገችው ነው።

«አደራ» አለችኝ። «ካንተ ሌላ የማምነው የለኝም። አንተንም ቢሆን ብዙ አላምንህም፤ ግን ምን ላድርግ። ስመለስ እሱን ቆሞ ላግኘው ብቻ።»

በሳምንቱ ቅጠሎቹ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣ። ጉድ ፈላ! ማንንም ሳልጠይቅ ጥጥና አልኮል ገዛሁና በየማለዳው አንድ በአንድ እወለውል ጀመር። ቅጠሎቹ እንደ ሠርግ ጫማ አበሩ። በአሥረኛው ቀን ቢጫ ሆኑ፤ በአሥራ ሁለተኛው መርገፍ ጀመሩ። ቢቸግረኝ የማልፈልገውን በር አንኳኳሁ።

ሊቀ ሻጋታ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው መጡ። ቅጠሉን ገልብጠው አዩ።

«ጥቁሩ ፈንገስ ነው። ቅጠሉን ግን አይበላም።»

«ታዲያ ምን ይበላል?»

«ትንንሽ ነፍሳት የሚያንጠባጥቡትን ጣፋጭ ነገር።»

«እንግዲያ ፈንገሱ ጥፋት የለበትም?»

«ብርሃን ይከልላላ!»

«ስለዚህ ማጠቤ ልክ ነበር?»

«በውሃ ቢሆን። በአልኮል ስታሸው የቅጠሉን ቆዳ ጎዳኸው፤ ጠባቂዎቹንም አብረህ ጠረግሃቸው።»

«ጠባቂዎቹ እነማን ናቸው?»

«ሌሎቹ ፈንገሶች።»

በረንዳው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። «ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ፈንገስን ልግደለው ወይስ ላሳድገው?» መልሳቸውን ታውቁታላችሁ።

«ይድናል ወይ? ይሄን ብቻ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ቅጠሉን መልሰው ገለበጡት። «አላውቅም» አሉ። ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ይመጡ ነበር። ነፍሳቱን በእርጥብ ጨርቅ ይለቅማሉ። ከዚያ ከየት እንዳመጡት የማላውቀውን የጤነኛ ሎሚ ቅጠል በውሃ አለቅልቀው ውሃውን የኛው ላይ ይረጩታል። «አዲስ ነዋሪ እያስገባሁ ነው» ይሉኛል። ይጠቅማል ወይ ስላቸው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። እኔ ትናንት የገደልኩትን ዛሬ ለምን እንደምንረጭ ሳይገባኝ ባልዲ እይዝላቸዋለሁ።

እትዬ በስድስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ከስታለች፤ ግድግዳ ይዛ ነው የምትራመደው። ወንበር ሳትፈልግ ቀጥታ በረንዳ። ሎሚው ላይ የቀሩት ሰባት ቅጠሎች ነበሩ። ቆጠረቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምን አድርገህ ነው?» አለችኝ።

ከኋላዬ ሊቀ ሻጋታ የውሃ መርጫቸውን እንደያዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ። በአልኮል ወልውለው ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

እትዬ ደካማ ብትሆንም አፏ አልደከመም። «ይሄ ከእርስዎ ይጠበቃል? ያን ሁሉ ዓመት ላቦራቶሪ ምን ሲሠሩ ኖሩ? እሱስ አያውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ ብሎ ነው!» ወረደችባቸው። አንገታቸውን ደፍተው «ልክ ነዎት» አሉ። እኔም እንደ ፈሪ ዝም አልኩ።

እትዬ ስትተኛ ሊቀ ሻጋታን ተከትዬ ወጣሁ። «ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አደረጉ?»

በራቸውን እየከፈቱ፣ «ከሕመም ለተነሳ ሰው የሚያምነው ወንድም ያስፈልገዋል» አሉኝ። «አዋቂማ ሞልቷል።»

ተመልሼ ለእትዬ እውነቱን ነገርኳት፤ የቀራትን ስድብ እኔ ተቀበልኩ። ፈንገስ ወዳጅ ይሁን ጠላት እስካሁን አልገባኝም። ሰውየውን ግን እወዳቸዋለሁ። ይሄን ፊት ለፊት አልነግራቸውም፤ ለምን እንደምወዳቸው ቁጭ አድርገው ሊያስረዱኝ ይጀምራሉ።