መራመድ ያቃተው ፈጣን ሞተር

ሰው ያለውን ነገር እንዳለ መተው የሚከብደው ፍጥረት ነው። ፀጉር ያለው ቀለም ይቀባዋል፣ ቤት ያለው ግድግዳ ያፈርሳል፣ መኪና ያለው መስታወቱን ያጠቁራል። ሞተር ሳይክል ያለውስ? የእሱ ነገር ረጅም ነው። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ አጎቴን ሰሎሞንን።

አጎቴ የሚኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ማሪዬታ ነው። እኔና እናቴም ዲቪ ደርሶን ከመጣን ወዲህ እሱ ቤት ነን። ሞተሩ ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው ሰፊ፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ የተዘረጋ ነው። ክሩዘር ይሉታል። ለመንፈላሰስ እንጂ ለመሮጥ የተሠራ አይደለም። አጎቴ እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ሀይዌይ ሲወጣ ሁልጊዜ መጨረሻ ይደርስ ነበር። ከሁሉም የሚያበግነው ቢኒ የሚባለው ጓደኛው ነው። ቀድሞ ይደርስና፣ ሄልሜቱን አውልቆ፣ ሶዳውን ጠጥቶ ጨርሶ፣ “ብሮ፣ ፖሊስ አስቁሞህ ነው ወይስ በእግርህ ነው የመጣኸው?” ይለዋል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ስለ ሞተር ሳይክል ግን የተባለ ነገር የለም፤ አጎቴም በዚህ ክፍተት ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ካቴና ጥርስ ባላቸው ሁለት ክብ ብረቶች ላይ ይዞራል፤ ትንሹ ፊት፣ ትልቁ ኋላ፣ ልክ እንደ ብስክሌት። የፊተኛው ጥርስ ሲበዛ ወይም የኋለኛው ሲያንስ ፍጥነት ይጨምራል። ይህንን ለአጎቴ የነገረው ራሱ ቢኒ ነው፤ የፊተኛውን በአንድ ጥርስ ብቻ ጨምር፣ ይበቃሃል አለው። አንድ ጥርስ! አጎቴ ለአንድ ጥርስ ብሎ እጁን በግራሶ የሚያቆሽሽ ሰው ነው? ከነካሁት አይቀር አለና ሁለቱንም አዘዘ።

ዕቃው ሲመጣ ጥርሶቹን ቁጠሪልኝ አለኝ። ቆጠርኩ። የድሮዎቹ ፊት አሥራ አምስት፣ ኋላ አርባ አምስት። አዲሶቹ ፊት አሥራ ሰባት፣ ኋላ ሠላሳ አራት። ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት እንደ ምንም ነው፤ ማካፈል ግን አይጠፋኝም። ትንሹ ብረት ሦስት ጊዜ ዞሮ አንዴ ያዞረው የነበረውን ጎማ አሁን ሁለት ጊዜ ብቻ ዞሮ ሊያዞረው ነው። ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ግን ሦስት ሰው ይሸከመው የነበረው ሸክም ለሁለት ሰው ሊቀር ነው። ሲነሳና ዳገት ሲወጣ ማን ያግዘዋል? ይህንን ልናገር አፌን ከፈትኩና፣ “ሠላሳ አራት ነው” ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ያሉ አበው የመረመሩት የዝንቡን ጉዳይ ብቻ ነው።

አጎቴ ካቴናውን አሳጥሮ ሁሉንም ገጠመ። በሚቀጥለው እሁድ ሀይዌይ ላይ ቢኒን አልፎት ሄደ። ቤት ሲገባ በሩን የከፈተው ከጦር ሜዳ እንደሚመለስ ጄኔራል ሆኖ ነው።

ታዲያ በዚያው ሰሞን አቶ ተስፋዬ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። አቶ ተስፋዬ አጎቴ ከስደተኛ ካምፕ አትላንታ የገባ ጊዜ ቤታቸው ያስቀመጡት፣ መኪና መንዳት ያስተማሩት፣ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኙለት ሰው ናቸው። አጎቴ ውለታቸውን ሲያነሳ ድምፁ ይቀንሳል። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠሩትና፣ “ሰሎሞን፣ የሙሽራዋን አጀብ በሞተርህ ፊት ፊት እየሄድክ ትመራልኛለህ” አሉት። አጎቴ ጎንበስ ብሎ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ አዘውኝ እምቢ ልል ነው?” አለ። አጠገባችን የነበረው ቢኒ፣ “ብሮ፣ ይሄ ነገርህ ግን ቀስ ብሎ መሄድ ይችላል?” ብሎ ጠየቀ። አጎቴም፣ “መሮጥ የሚችል መራመድ ያቅተዋል?” አለው። ዓረፍተ ነገሩ ሲሰማ ያምራል። ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚያምረው ሲነገር ነው።

የእኛ ሠርግ አጀብ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። መኪናው ሁሉ አበባ ለብሶ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ ኤሊ ብትኖር ተበሳጭታ በምታልፈው ፍጥነት ነው። ካሜራ ማኑ ከአጎቴ ኋላ ተቀምጦ እንዲቀርፅ ታስቦ ነበር። ሞተሩን አየና ልጆች አሉኝ አለ። በስልክ እንድቀርፅ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። በሰው ፊት ስሜ ሲጠራ እንኳ የምደነግጠው ልጅ በሀበሻ ቀሚስ ከአርባ መኪና ፊት ወጣሁ። ያጽናናኝ ሄልሜቱ ነው፤ ፊቴን ሸፍኖልኛል።

ሙሽራዋን ይዘን ታከር ከምትባለው ከተማ ለፎቶ ወደ አንድ መናፈሻ ጉዞ ጀመርን። ሜዳው ላይ አጎቴ ፍሪሲዮኑን ግማሽ እንደያዘ ሞተሩን እየለመነ አስኬደው። ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ዳገት መጣ። ዳገቱ መሀል ላይ መብራት፣ መብራቱም ቀይ።

አረንጓዴ ሲበራ አጎቴ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ አንዴ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። አስነሳው፤ ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳው፤ አሁንም ጠፋ። መብራቱ ቀላ። ኋላችን አርባ መኪና ቆሟል፣ ሁሉም ጥሩምባ ይነፋል። አጎቴ አንገቱን ሳያዞር፣ የወረደ ሰው አለ ወይ አለኝ። አቶ ተስፋዬ ከመኪና ወርደው እየመጡ ነው አልኩት። ፊታቸውስ እንዴት ነው አለኝ። ፀሐዩ ያንጸባርቃል፣ አይታየኝም አልኩ። “አዋረድኳቸው” አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመሪው።

አቶ ተስፋዬ ደረሱ። አጎቴን አዩት፣ ሞተሩን አዩት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እስክስታ መቱ!

ለካ ሰውየው አጎቴ አጀቡን ለጭፈራ ሆን ብሎ ያቆመው መስሏቸዋል። በአገሩ ወግ ሙሽራ ተይዞ መንገድ ላይ ቆሞ መጨፈር ያለ ነው፤ የመኪናው ጥሩምባም የደስታ ነው፣ ማን ማንን ይቆጣል? የመኪናው በር ሁሉ ተከፈተ። ሙሽራዋ ቬሏን ይዛ ወረደች። ቢኒ የሞተሩን ታንክ ከበሮ አደረገው። ከኋላ ፒክአፕ የሚነዳ አንድ ፈረንጅ ተናዶ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው ሴቶቹ በእልልታ መለሱለት። ደገመ፤ ደገሙለት። በመጨረሻ እሱም ተስፋ ቆርጦ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፀን ጀመር። አጎቴ ምን ያድርግ? ወርዶ ጨፈረ። ቀጥሎ አራቱ ሚዜዎች ሞተሩን እየዘፈኑ እስከ ዳገቱ ጫፍ ገፉት፤ ይህም የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ነው። መናፈሻው ስንደርስ አቶ ተስፋዬ አጎቴን አንገቱን አቅፈው፣ “አንተ ልጅ፣ ይሄንን ደግሞ ከየት አመጣኸው?” አሉት። አጎቴ፣ “ለእርስዎ ሲያንስ ነው” አለ። ይህን ያህል ውሸት ለሠርግ ይፈቀዳል መሰለኝ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጎቴ የድሮዎቹን ብረቶች መልሶ ሊገጥም ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እንደማውቅ፣ በማካፈል እንደደረስኩበት ነገርኩት። መፍቻውን አስቀምጦ ለምን እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ። “ቁጠሪ ነው ያልከኝ፣ አካፍዪ መች አልከኝ?” አልኩት። እናቴ ከወጥ ቤት ሳቀች። አጎቴ አልሳቀም።

የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቀ ሳለ ስልኩ ጠራ። ስማይርና ከምትባለው ጎረቤት ከተማ አንዲት እናት ናቸው። እኔ የቀረፅኩት ቪዲዮ ከሰው ሰው ተላልፎ ደርሷቸው አይተዋል፤ ልጃቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ትዳራለች፤ ያንን ዳገት መሀል ቀጥ ብሎ የመቆሙን ነገር ለእነሱም እንዲያደርግላቸው ይለምናሉ። አጎቴ ስሙ ከፍ ብሎ ሳለ እውነቱን ለመናገር ጥቂት ታገለ። በመጨረሻ በትሕትና፣ “ይቅርታ እናቴ፣ ያ የሆነው ሞተሩ ተበላሽቶ ነው፤ አሁን ተሠርቷል” አላቸው።

ሴትየዋ በጣም አዘኑ። ቀጥለውም ያልተሠራ ሞተር ያለው ሰው የሚያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። አጎቴም የቢኒን ቁጥር ሰጣቸው።