የመሻገሪያውን ሕግ የበላው ጃርት

ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ስብሰባ መውደድ በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ አያ ጃርት የሥርዓት ኃላፊ ነበር። በዚያ ጫካ የየቦታው ሕግ እዚያው ቦታው ላይ፣ በዛፍ ቅርፊት ተጭሮ ይኖር ነበር። የመጣ ሁሉ ያነባል፤ የተሳሳተ ካለ በጥፍሩ ፍቆ ያስተካክላል።

ታዲያ አንድ ቀን ከምንጩ ወዲህ ያለው ቅርፊት «ማታ የጎሽ ተራ ነው» ሲል፣ ከወዲያ ያለው «ማታ የከርከሮ ተራ ነው» አለ። ጎሽና ከርከሮ ተፋጠጡ፤ ከርከሮ አንድ ክራንቻውን አጣ።

ጉባኤ ተጠራ። አያ ጃርት እሾኹን እያንኮሻኮሸ ተነሣ።

«ጌቶቼ፣ እስከ መቼ በቅርፊት እንተዳደራለን? ሕጉ ሁሉ አንድ ላይ በንቦች ቀፎ ውስጥ ይግባ። ንብ አይረሳም። የፈለገ ሄዶ ይጠይቅ።»

«ንቦች የሚናገሩት በጭፈራ ነው፤ ለማን ሊገባ?» አለች እመት ጦጢት።

«ማር መሪ ወፍ ትተረጉማለች!»

ጉባኤው አጨበጨበ። አያ ጃርትም ሕጉ ሁሉ ቀፎ መግባቱን ካየ በኋላ አሮጌውን ቅርፊት ከየዛፉ እየላጠ በላው። ሥራም ሆነለት፣ እራትም።

በጋው በሰላም አለፈ። የተጋጨ ሕግ ጠፋ፤ አያ ጃርትም ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀመረ። ክረምት ሲገባ ግን ጉድጓዱን ውሃ ሞላበትና ሚስቱንና ግልገሎቹን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ደረቅ ዋሻ ያለው ማዶ ነው። የትኛውን ድንጋይ ረግጠው እንደሚሻገሩ ማር መሪን ጠየቃት።

«በዝናብ ንብ ከቀፎ አይወጣም፤ ሳይጨፍሩ ምን ልተርጉም?» አለችው ቅጠል ሥር ተሸጉጣ።

አያ ጃርት የመሻገሪያው ሕግ ተጭሮበት ወደ ነበረው የተላጠ ዛፍ ዞረ። ሚስቱ አፈጠጠችበት።

«የበላኸው አንተ ነህ። ምን ይል ነበር?»

ትንሽ አሰበ። «ጣፋጭ ነበር» አላት።

በግምት ገቡ። ትንሿ ግልገል ተንሸራተተችና ጎርፉ ወሰዳት። የሾላ ሥር ባይዛት ኖሮ አብቅቶላት ነበር። አያ ጃርት ጭቃ እየተፋ ጎትቶ አወጣት።

ዝናቡ ሲያባራ ጉባኤውን የጠራው ራሱ ነበር።

«ሕጉ እንደ ድሮው በየቦታው ይጫር» አለ። «ንቦች በየማለዳው እየዞሩ ያንብቡት፤ ሁለት ቅርፊቶች ሲጋጩ ይንገሩን። ቀፎውና ቅርፊቱ ከተለያዩ ግን ቅርፊቱ ይታመን።»

ተስማሙ። ንቦቹም የያዙትን አንድ በአንድ አስጻፉ። መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ ግን ችግር ሆነ፤ ጎርፉ ድንጋዮቹን አንከባልሏቸዋል፤ ቀፎው የያዘው የአምናውን ነው። አንዱ ገብቶ መሞከር አለበት። ሁሉም አያ ጃርትን አዩት።

አያ ጃርትም በእግሩ እየዳበሰ ገባ፣ ገባ፣ በመጨረሻ አፍንጫው ብቻ ቀረ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች እመት ጦጢት፣ ጥፍሯን ቅርፊቱ ላይ አድርጋ።

«ጻፊ» አላት ውሃ እየተፋ፤ «በዚህ በኩል አዋቂ ነኝ የሚል አይሻገር!»